ጥቁር አፈር ለምን ያብጣል? ወለል የሚያነሳው ውሃ የት ነው የሚገባው? (ሐረር–ሐረማያ መስመር)

ነዋሪ_ሐማሬሳ

ሰላም ለሁላችሁ። ጥያቄዬ ከሐረር ወደ ሐረማያ በሚወስደው መንገድ፣ ሐማሬሳን አለፍ ብሎ ባለ ረባዳ ላይ ስለተሠራ ባለ አንድ ወለል የብሎኬት ቤት ነው። አፈሩ ጥቁር ነው። በበጋ እጅ የሚያስገባ ንቃቃት ይከፍታል፤ ዝናብ ሲጥል ጫማ ላይ ተጣብቆ አላስኬድ ይላል። የሳሎኑ ወለል መሃሉ ላይ 3 ሳንቲሜትር ያህል ጎብጦ ተነስቷል፤ ኮለኖቹ ግን ከቦታቸው ንቅንቅ አላሉም። የውስጥ በሮች መዝጋት አልተቻለም። ማዕዘኑ ላይ ያለው ስንጥቅ ከላይ ሰፊ፣ ወደ ታች እየጠበበ የሚሄድ ነው።

መረዳት የምፈልገው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ ውሃ አፈሩ ውስጥ ገብቶ ምን ቢያደርግ ነው ኮንክሪት የሚያነሳው? ሁለተኛ፣ ከጎን ባለው ባዶ ቦታ 4 በ5 ሜትር የሆነ ክፍል ሊጨመር ነው፤ ከሥሩ ምን ይደረግ? አንዱ 50 ሳንቲሜትር አሸዋ አንጥፍ ይላል፣ ሌላው ጨው በትንበት፣ ሌላው ደግሞ የኖራ ድንጋይ ዱቄት ቀላቅል። የምታውቁ እባካችሁ አስረዱኝ።

---

ማዕድን_ኬሚስት

ከመጀመሪያው ጥያቄ ልነሳ፤ ሁለተኛው ከሱ ይወጣል።

ጥቁሩ አፈር (ዋልካ፣ መረሬ፣ ግንባታ ላይ ብላክ ኮተን የሚባለው) ውስጥ በብዛት ያለው የሸክላ ማዕድን ስሜክታይት ይባላል። በጣም የታወቀው ዓይነቱ ሞንትሞሪሎናይት ነው። የተሠራው ከስስ ንጣፎች ነው። እያንዳንዱ ንጣፍ ሦስት ነገር አለው፤ ከላይና ከታች የሲሊከንና የኦክስጅን ድርድር፣ መሃል ላይ የአሉሚኒየም ድርድር። የሦስቱ ጠቅላላ ውፍረት 0.96 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ አንድ ሚሊሜትር ለመሙላት አንድ ሚሊዮን ያህሉ መደርደር አለበት።

ነገሩ የሚጀምረው ማዕድኑ ሲፈጠር በነበረ የቦታ መተካካት ነው። አሉሚኒየም መቀመጥ በነበረበት ቦታ አንዳንዴ ማግኒዚየም ይገባል። አሉሚኒየም ሦስት አዎንታዊ የኤሌክትሪክ ሙል አለው፣ ማግኒዚየም ሁለት። ስለዚህ እንዲህ በተተካ ቁጥር ንጣፉ ላይ አንድ አሉታዊ ሙል ይተርፋል። ይህን ለማመጣጠን በንጣፎቹ መካከል አዎንታዊ አዮኖች (ሙል ያላቸው አተሞች) ይቀመጣሉ፤ ሶዲየም፣ ካልሲየም፣ ማግኒዚየም፣ ፖታሲየም። ንጣፎቹን አያይዞ የያዘው የእነዚህ አዮኖች ስበት ነው፤ ከዚያ የጠነከረ ማሰሪያ የላቸውም።

ውሃ ሲመጣ አዮኖቹ ውሃውን ይፈልጉታል። የውሃ ሞለኪውል አንዱ ጎኑ አሉታዊ ስለሆነ አዮኑን ከቦ ይይዘዋል፤ ይህ ከብዙ የኃይል ትርፍ ጋር የሚፈጸም ነገር ነው። ለሶዲየም በሞል ወደ 400 ኪሎጁል፣ ለካልሲየም ወደ 1,580፣ ለማግኒዚየም ወደ 1,920። ውሃው ቦታ ለማግኘት ንጣፎቹን መክፈት አለበት፣ ይከፍታቸዋልም። አከፋፈቱ ደግሞ በደረጃ ነው። ደረቅ ሲሆን ከአንዱ ንጣፍ ሥር እስከ ቀጣዩ ሥር ያለው ርቀት ወደ 1 ናኖሜትር ነው። አንድ ረድፍ ውሃ ሲገባ ወደ 1.25፣ ሁለት ረድፍ ሲሆን ወደ 1.55፣ ሦስት ረድፍ ሲሆን ወደ 1.9 ይዘላል። ማዕድኑ ውፍረቱን ወደ እጥፍ አሳደገ ማለት ነው። እነዚህ የመጀመሪያዎቹ ረድፎች የሚገቡበት ጉልበት እጅግ ከፍተኛ ነው። የመጨረሻዋን አንዲት ረድፍ ውሃ በመጭመቅ ብቻ ለማስወጣት በብዙ መቶ ሜጋፓስካል የሚቆጠር ግፊት ይጠይቃል፤ የትኛውም ቤት ያን ያህል አይከብድም።

ከዚህ በኋላ መንገዱ ለሁለት ይከፈላል። መሃል ያለው ካልሲየም ከሆነ እብጠቱ 1.9 ናኖሜትር ላይ ይቆማል፤ ሁለት ሙል ስላለው ሁለቱን ንጣፎች አንድ ላይ ይዟቸዋል። ሶዲየም ከሆነ ግን ንጹህ ውሃ ሲያገኝ ንጣፎቹ ከ4 ናኖሜትር በላይ ይራራቃሉ፣ ከዚያም እየተለያዩ ይሄዳሉ። ይህን ዝላይ ኖሪሽ የተባለ ተመራማሪ በ1954 እ.ኤ.አ. በኤክስሬይ ለክቶ አሳይቷል። የእኛ ጥቁር አፈር በአብዛኛው የካልሲየምና የማግኒዚየም ነው። ባይሆን ኖሮ ነገሩ ከዚህም ይብስ ነበር።

አንድ ማረሚያ ልጨምር። ሜዳ ላይ ያለ አፈር ከ1 ወደ 1.9 ሙሉውን መንገድ አይሄድም፤ በበጋ መጨረሻም ቢሆን ከሥሩ እርጥበት አለው። የንጣፍ ክምሮቹ እርስ በርስ የሚራራቁበትም ቦታ አለ፤ ከምናየው እብጠት ትልቅ ድርሻ የሚይዘው ይህ ነው። መነሻው ግን ያው የአዮኖቹ የውሃ ጥማት ነው።

---

ከዚራ_ልጅ

ታዲያ እንደ ስፖንጅ ነው ማለት ነው? አሸዋም እኮ ውሃ ይጠጣል፤ ለምን አያብጥም?

---

ማዕድን_ኬሚስት

ስፖንጅ አይደለም ወንድሜ። ስፖንጅም አሸዋም ውሃ የሚይዙት ቀድሞ በነበረ ባዶ ቀዳዳ ውስጥ ነው፤ አየር ወጣ፣ ውሃ ገባ፣ መጠኑ ያው ነው። እዚህ ግን ቀድሞ ያልነበረ ክፍተት ነው የሚፈጠረው። ማረጋገጫው ቀላል ነው፤ ያንኑ አፈር ነጭ ጋዝ ውስጥ ጨምረው። ነጭ ጋዝ ቀዳዳውን ይሞላል፣ አፈሩ ሙሉ በሙሉ ይርሳል፣ ግን አያብጥም። ሞለኪውሉ የተለያየ የሙል ጫፍ ስለሌለው አዮኖቹ አይፈልጉትም።

ሁሉም ሸክላም አያብጥም። ካኦሊናይት ንጣፎቹ በሃይድሮጅን ማሰሪያ የተያያዙ ናቸው፤ ርቀታቸው 0.72 ናኖሜትር ነው፣ ውሃ መሃላቸው አይገባም። ኢላይት ደግሞ ንጣፉ ከስሜክታይት ጋር ይመሳሰላል፣ ሙሉም እንዲያውም ይበልጣል፤ ግን መሃሉ ላይ ያለው ፖታሲየም ነው። ፖታሲየም ለውሃ ያለው ፍላጎት ዝቅተኛ ነው፤ በሞል ወደ 320 ኪሎጁል ብቻ። መጠኑም በንጣፉ ላይ ካሉት ባለ ስድስት ጎን ጉድጓዶች ጋር ገጥሞ እንደ ቁልፍ ይቀመጣል። 1.0 ናኖሜትር ላይ ይዘጋል፣ አይከፈትም።

---

አፈር_ላብ

የነጭ ጋዙ ነገር በላብራቶሪም የሚሠራ ፍተሻ ነው፤ ነዋሪ_ሐማሬሳ ቤትህ ልትሠራው ትችላለህ። በመጀመሪያ ግን ናሙናው በትክክል ካልተወሰደ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው። ከላይ ያለውን ሣርና ሥር ያለበትን 30 ሳንቲሜትር አስወግድ። ከ1 ሜትርና ከ1.5 ሜትር ጥልቀት ለየብቻ ሁለት ሁለት ኪሎ ውሰድ፤ አትደባልቃቸው።

አፈሩን በጥላ አድርቅ። ከዚያ በሙቀጫ ቀስ ብለህ ሰባብረህ 0.425 ሚሊሜትር ወንፊት አሳልፍ። ላብራቶሪ ውስጥ በ105 ዲግሪ ይደርቃል። ቤት ውስጥ ምጣድ ላይ እንዳትቆላው! ብዙ ሰው እዚህ ላይ ይሳሳታል። የምጣድ ሙቀት ከ200 ዲግሪ አልፎ ሲሄድ አንዳንዱ ንጣፍ ተዘግቶ መልሶ አይከፈትም፤ ከዚያ «አፈሬ አያብጥም» የሚል የተሳሳተ ውጤት ታገኛለህ።

ሁለት 100 ሚሊሊትር የመለኪያ ሲሊንደር ያዝ። በእያንዳንዱ 10 ግራም አፈር። በአንዱ የተጣራ ውሃ፣ በሌላው ነጭ ጋዝ እስከ 100 መስመር ሙላ። በቀጭን ዘንግ አማስለህ የታፈነውን አየር አስወጣ፤ አየር ከቀረ ንባቡ ከፍ ብሎ ይታያል። 24 ሰዓት ተወው፤ ውሃው ያለበት ካልጠራ እስኪጠራ ጠብቅ። ከዚያ የአፈሩን ከፍታ አንብብ። የነጭ ጋዙን ንባብ ከውሃው ንባብ ቀንስ፣ ልዩነቱን ለነጭ ጋዙ ንባብ አካፍል፣ በ100 አባዛ። ከ20 በታች ዝቅተኛ፣ ከ20 እስከ 35 መካከለኛ፣ ከ35 እስከ 50 ከፍተኛ፣ ከ50 በላይ እጅግ ከፍተኛ።

የቧንቧ ውሃ ለምን አይሆንም ለሚል፤ የድሬዳዋም ሆነ የአካባቢው ውሃ ከኖራ ድንጋይ ስለሚመጣ ካልሲየም ይበዛበታል። የማንቆርቆሪያችሁን ውስጥ ተመልከቱ። ካልሲየሙ እብጠቱን ስለሚይዘው ውጤቱ ከእውነቱ ያንሳል። የዝናብ ውሃ በንጹህ ዕቃ ተቀብለህ መጠቀም ትችላለህ።

ቀለምን ብቻ ማመን ደግሞ አይገባም። ጥቁር ሆኖ የማያብጥ አለ፣ ግራጫና ቡናማ ሆኖ ክፉኛ የሚያብጥም አለ። ቀለሙ ከስሜክታይቱ ንጣፍ አይመጣም፤ ከሸክላው ጋር ተጣብቆ ከሚኖር ጥቂት የበሰበሰ ነገር ነው። ይልቅ ጉድጓዱ ግድግዳ ላይ እንደ ሳሙና የሚያብረቀርቅ፣ ሰያፍ የሆነ ለስላሳ ገጽ ካየህ እሱን እመን። አፈሩ ሲያብጥ ግራና ቀኝ መሄጃ አጥቶ በራሱ ላይ ሲንሸራተት የሳለው ነው።

---

ነዋሪ_ሐማሬሳ

አመሰግናለሁ እህቴ። በዝናብ ውሃ ሠራሁት። የ1 ሜትሩ ናሙና፤ ውሃ ውስጥ 17፣ ነጭ ጋዝ ውስጥ 10.5 ሚሊሊትር። የ1.5 ሜትሩ፤ 16 እና 10.5።

የሚያብረቀርቀው ገጽ 1.2 ሜትር አካባቢ አለ።

---

አፈር_ላብ

62% እና 52%። ሁለቱም እጅግ ከፍተኛ ውስጥ ናቸው። ጥልቀት ብዙም አልቀነሰውም፤ ስለዚህ 1.5 ሜትር ቆፍሮ መገላገል የለም። የሊኩዊድ ሊሚትና የፕላስቲክ ሊሚት ፍተሻ (አፈሩ በምን ያህል ውሃ እንደሚፈስና እንደሚቀረጽ የሚለካ) በላብራቶሪ አስደርግ፤ ለኖራው ውሳኔም ያስፈልግሃል። ገንዘቡ ከተገኘ ደግሞ ከጉድጓዱ ባልተነካካ ናሙና የእብጠት ግፊት ያስለኩልህ። መሐንዲሱ የሚፈልገው ቁጥር እሱ ነው።

---

መሐንዲስ_ሸዋበር

ኮለኑ ቆሞ ወለሉ ለምን ተነሳ ለሚለው፣ ክብደቱን አስላ። 10 ሳንቲሜትር ኮንክሪት በካሬ ሜትር 240 ኪሎ ይከብዳል። ከሥሩ 25 ሳንቲሜትር ሃርድኮር (የድንጋይ ሙሌት) ወደ 450 ኪሎ። ድምሩ 700 ኪሎ ገደማ፣ ማለትም 7 ኪሎፓስካል። ኮለን የተሸከመው ፉቲንግ ግን መሬቱን የሚጫነው በ100 ወይም በ150 ኪሎፓስካል ነው። እንዲህ ያለ አፈር ከ100 እስከ 300 ኪሎፓስካል የእብጠት ግፊት ማሳየቱ የተለመደ ነው። ፉቲንጉ ሊቋቋመው ይችላል፣ ወለሉ በፍጹም።

መሃሉ የተነሳበት ምክንያት ሌላ ነው። ቤቱ ሲሠራ መሬቱን ከደነው ማለት ነው፤ ፀሐይ አያገኘውም፣ ከሥር የሚመጣው እርጥበት አይተንም። ስለዚህ መሃሉ ዓመት እስከ ዓመት እየረጠበ ይሄዳል። ዳር ዳሩ ግን በበጋ ይደርቃል፣ ይሟሽሻል። መሃል ተነሳ፣ ማዕዘን ወረደ። ከላይ ሰፍቶ ወደ ታች የሚጠበው ስንጥቅ የዚህ ምልክት ነው። ስንጥቁ ከታች ሰፊ ቢሆን ኖሮ ዳሩ እየተነሳ ነው ብለን ቱቦ የሚያፈስበትን ወይም አሸንዳ የሚደፋበትን ቦታ እንፈልግ ነበር።

በሐረር በኩል ነገሩን የሚያከብደው ዝናቡ ሁለት ጊዜ መምጣቱ ነው፤ በልግ ከመጋቢት፣ ክረምት ከሐምሌ። ዳር ያለው አፈር በዓመት ሁለቴ ያብጣል፣ ሁለቴ ይተኛል።

አሁን ስለ አሸዋው። እባክህ አታድርገው። ይህን ምክር ብዙ ግንበኛ በቅንነት ይሰጣል፤ አሸዋ አያብጥም የሚለውም እውነት ነው። ግን አሸዋ ከመጠኑ ሲሶ ያህሉ ባዶ ነው፣ በሚያብጥና ውሃ በማያሳልፍ ጉድጓድ ውስጥ ሲሞላ ገንዳ ይሆናል። 20 ካሬ ሜትር በ50 ሳንቲሜትር 10 ሜትር ኩብ አሸዋ ነው፤ በውስጡ ከ3,000 ሊትር በላይ ውሃ ያጠራቅማል። ያ ውሃ ወዴት ይሄዳል? ከሥሩ ወዳለው ስሜክታይት፣ ለወራት ሳይቋረጥ።

ቦታውን የሚተካው ሰሌክት ማቴሪያል ነው፤ የማያብጥ ግን ውሃ በቀላሉ የማያሳልፍ፣ ጠጠሩም ደቃቁም ያለበት፣ የፕላስቲሲቲ ኢንዴክሱ (የሊኩዊድና የፕላስቲክ ሊሚቱ ልዩነት) ከ15 ያልበለጠ። ወደ 1 ሜትር አውጣና ተካ። በ20 ሳንቲሜትር ንጣፍ እያረጠብክ ጠቅጥቅ፤ ጥቅጠቃው 95% መድረስ አለበት። ቁፋሮው ከግድግዳው ውጭ በየአቅጣጫው 1 ሜትር መውጣት አለበት፤ ልክ በግድግዳው መስመር ከቆመ ዳሩ ላይ ያለው ጥቁር አፈር ከጎን ይገፋዋል።

ግሬድ ቢሙን (ኮለኖቹን ከታች የሚያያይዘውን አግዳሚ ኮንክሪት) መሬት ላይ አታስተኛው። ከሥሩ ከ10 እስከ 15 ሳንቲሜትር ባዶ ክፍተት ይኑር፣ አፈሩ ሲያብጥ የሚገባበት። ግሬድ ቢምን በቀጥታ አፈሩ ላይ አፍስሶ፣ ፉቲንጉን ጥልቅ ማድረግ ትርጉም የለውም፤ አፈሩ ቢሙን ይዞ ኮለኑን ከፉቲንጉ ሊነቅለው ይሞክራል። ፉቲንጉ ንቃቃቱና ለስላሳው ገጽ ካለቀበት ጥልቀት በታች ይውረድ። ባንተ ቦታ 2 ሜትር አካባቢ ይሆናል ብዬ እጠብቃለሁ፤ ጉድጓዱ ራሱ ይነግርሃል። ጉድጓዱ ተቆፍሮ አፉን ከፍቶ አይደር። በተቆፈረበት ቀን 5 ሳንቲሜትር ሊን ኮንክሪት (ሲሚንቶው ያነሰ) አልብሰው፤ ፀሐይ ካደረቀው በኋላ ብታፈስበት የደረቀው አፈር ኮንክሪቱ ሥር ሆኖ ይጠማል።

---

መጋላ_ኮንስትራክሽን

ጨው ግን ይሠራል እኮ። ጨው የተበተነበት መንገድ ጭቃው ሲቀንስ ይታያል።

---

ቁፋሮ_ድሬ

የውሃ ጉድጓድ ቁፋሮ ላይ ያለን ሰዎች ከዚሁ ማዕድን ጋር በየቀኑ ነን፤ እናንተ እንዳያብጥ ትፈልጋላችሁ፣ እኛ እንዲያብጥ። ቤንቶናይት የምንለው ስሜክታይት ነው። የጨውን ነገር ከዚያ ጎን ልናገር።

ጥሩ ቤንቶናይት የሶዲየም ነው። ከ30 እስከ 50 ኪሎውን በ1 ሜትር ኩብ ውሃ ውስጥ በትነን፣ ቢያንስ ለጥቂት ሰዓት፣ ከተቻለ አሳድረን፣ ንጣፎቹ ተለያይተው ጭቃው ይወፍራል። የጭቃ ውፍረት በምንለካበት ቀዳዳ ባለው ዕቃ፣ በማርሽ ፈነል፣ ንጹህ ውሃ ወርዶ ለማለቅ 26 ሰከንድ ሲወስድ ጭቃው ከ32 እስከ 38 ሰከንድ እንዲወስድ እንፈልጋለን። ድሬዳዋ ውስጥ ጀማሪ ሠራተኛን ግራ የሚያጋባው ይሄ ነው፤ ያንኑ ያህል ቤንቶናይት ጨምሮ ጭቃው 28 ሰከንድ ላይ ይቀራል፣ ሥሩም ይዘቅጣል። ቤንቶናይቱ አልተበላሸም። የጉድጓድ ውሃችን ካልሲየም ሶዲየሙን ከንጣፎቹ መሃል አስወጥቶ ቦታውን ይዟል፤ ማዕድን_ኬሚስት እንዳለው 1.9 ናኖሜትር ላይ ቆሟል። መፍትሔው ቤንቶናይት መጨመር አይደለም። አስቀድሞ ውሃው ውስጥ በሜትር ኩብ ከ0.5 እስከ 1 ኪሎ ሶዳ አሽ (ሶዲየም ካርቦኔት) ማሟሟት፣ ፒኤቹን (የአሲድነትና የአልካላይነት መለኪያውን) ከ8.5 እስከ 9.5 ማድረስ፣ ከዚያ ነው ቤንቶናይቱን መጨመር። ቅደም ተከተሉ ከተገለበጠ ሶዳ አሹ የሚያድነው ጥቂቱን ነው።

ይህን ወደ ቤትህ ገልብጠው። የምግብ ጨው ሶዲየም ነው። ብዙ ጨው ሲበተን መጀመሪያ ያረጋጋል፤ የጨው ውሃው ወፍራም ስለሆነ ንጣፎቹ አይራራቁም። መጋላ_ኮንስትራክሽን ያየኸው እውነት ነው። ግን በልጉ ዘንቦ ጨዉን ሲያጥበው ሶዲየሙ በካልሲየም ቦታ ንጣፎቹ መሃል ይቀራል፣ ውሃው ደግሞ ንጹህ ሆኗል። በገዛ እጅህ የሶዲየም ቤንቶናይት ሠራህ ማለት ነው። ከበፊቱ የባሰ ያብጣል፣ በውሃም እየተበተነ ይሸረሸራል። ፌሮውንም ጨው ይበላዋል።

ፖታሲየም ክሎራይድ ሌላ ነው። የሚያብጥ ንጣፍ ስንቆፍር ከ3 እስከ 5% ጭቃው ውስጥ የሚጨመርበት ጊዜ አለ፤ ፖታሲየሙ ገብቶ ይቆልፋል። ለቤት ሥር ግን ዋጋውም አያዋጣም፣ ቀስ በቀስ በካልሲየም መተካቱም አይቀርም።

---

መጋላ_ኮንስትራክሽን

ገባኝ፤ አመሰግናለሁ። ታጥቦ ከወጣ በኋላ ምን እንደሚሆን አላሰብኩትም ነበር። ኖራውስ?

---

ማዕድን_ኬሚስት

ኖራ ከሁሉም የተሻለው ነው፤ ትክክለኛው ኖራ ከሆነ። በድሬዳዋና በሐረር አካባቢ የኖራ ድንጋይ ሞልቷል፣ ዱቄቱም በርካሽ ይገኛል፤ እዚህ ላይ ነው ስህተቱ። የተፈጨ የኖራ ድንጋይ ካልሲየም ካርቦኔት ነው። ውሃ ውስጥ አይሟሟም ቢባል ይቀላል፤ ካልሲየሙን አይለቅም፣ ፒኤቹንም ከ8 ብዙ አያሳልፍም። አፈሩ ውስጥ እንደ ደቃቅ ጠጠር ተኝቶ ይቀራል። የሚያስፈልገው በእሳት የተቃጠለው ነው፤ ያልበረደው ኖራ ወይም ውሃ ጠጥቶ የበረደው።

የበረደው ኖራ ሁለት ሥራ ይሠራል። የመጀመሪያው በሰዓታት ውስጥ ነው፤ ካልሲየሙ በሶዲየምና በማግኒዚየም ቦታ ይገባል፣ ንጣፎቹ ተሰብስበው ይኮለኮላሉ፣ ተጣባቂው ጭቃ በእጅ የሚፈረፈር ይሆናል። ሁለተኛው ሳምንታትና ወራት ይፈጃል። ፒኤቹ 12.4 ሲደርስ ሲሊካውና አሉሚናው ራሱ ከንጣፉ መሟሟት ይጀምራል፣ ከካልሲየሙ ጋር ተዋሕዶ ሲሚንቶ ውስጥ የምናገኘውን ዓይነት ማሰሪያ ይፈጥራል። ይህ ሁለተኛው ነው የማይመለሰው። ኖራው ካነሰ የመጀመሪያው ብቻ ይሆንና ዓመታት ሲያልፉ ይዳከማል።

ስለዚህ መጠኑ በግምት አይወሰንም። አፈር_ላብ ፍተሻውን ብትጽፊው?

---

አፈር_ላብ

ኢድስና ግሪም የተባሉ ተመራማሪዎች በ1966 እ.ኤ.አ. ያወጡት ነው። 0.425 ሚሊሜትር ያለፈ 25 ግራም አፈር በስድስት የፕላስቲክ ጠርሙስ። ኖራ 2፣ 3፣ 4፣ 5፣ 6 እና 8% በአፈሩ ደረቅ ክብደት። በእያንዳንዱ 100 ሚሊሊትር የተጣራ ውሃ። በየ10 ደቂቃው ለ30 ሰከንድ አናውጥ፤ አንድ ሰዓት ሲሞላ በፒኤች ሜትር ለካ። 12.4 የደረሰው የመጀመሪያው ጠርሙስ መጠንህ ነው። የወረቀት መለኪያ 12.0ን ከ12.4 አይለይም። ከ8%ም በኋላ 12.3 ላይ ከቀረ፣ ብዙ ጊዜ ኖራው አርጅቷል፤ አየር ላይ ተቀምጦ ወደ ካርቦኔት ተመልሷል። ከከረጢቱ ቆንጥረህ ጥቂት ኮምጣጤ ጠብ አድርግበት፤ ክፉኛ ከፈላ ካርቦኔት ሆኗል፣ አትግዛው።

አፈሩ ውስጥ ጂብሰም (የካልሲየም ሰልፌት ማዕድን) እንደሌለም አስፈትሽ። የሚሟሟው ሰልፌት ከ0.3% በላይ ከሆነ ኖራው ከሰልፌቱና ከአሉሚናው ጋር ኤትሪንጋይት የሚባል ማዕድን ይሠራል። እሱ ራሱ ብዙ ውሃ ይዞ ያብጣል፤ አንዱን እብጠት አጥፍተህ ሌላ ትጠራለህ።

---

መሐንዲስ_ሸዋበር

ለክፍልህ ላስላልህ፤ ፍተሻው 5% ቢል ብለን። 4 በ5 ሜትር፣ በየጎኑ 1 ሜትር ሲጨመር 6 በ7፤ 42 ካሬ ሜትር። የሰሌክቱን ቁፋሮ ወለል 30 ሳንቲሜትር በኖራ ማከም ይበቃል፤ 12.6 ሜትር ኩብ። የአፈሩ ደረቅ ክብደት በሜትር ኩብ 1,350 ኪሎ ቢሆን 17,000 ኪሎ። 5 በመቶው 850 ኪሎ፣ ባለ 25 ኪሎ 34 ከረጢት። ብክነቱን አስበህ 37 ግዛ።

በ15 ሳንቲሜትር ሁለት ጊዜ ሥራው። አፈሩን በዶማ ሰባብር፤ ከ25 ሚሊሜትር የሚበልጥ ጓል አይኑር፣ ከግማሽ በላዩ ደግሞ ከ5 ሚሊሜትር ይነስ። የከሸፈ የኖራ ሥራ ሲቆፈር በብዛት የሚገኘው ይኼው ነው፤ ዙሪያው ነጭ፣ ውስጡ ሳይነካ ጥቁር የቀረ ጓል። ኖራውን በትን፣ ቀላቅል፣ ውሃውን ለጥቅጠቃ ከሚበቃው ከ3 እስከ 5 በመቶ አስበልጠህ ጨምር። ሸፍነህ ከ24 እስከ 48 ሰዓት አሳድረው። በማግሥቱ ጓሉ በጣት ይፈርሳል፤ እንደገና ቀላቅለህ ጠቅጥቅ። ከዚያ 7 ቀን ሳይደርቅ አቆየው። ሲሚንቶ የለመደ ሠራተኛ ቶሎ ካልጠቀጠቅነው ይደርቅብናል ብሎ ይቸኩላል፤ ኖራ ማደር ይፈልጋል።

ነፋስ ባለበት ሰዓት አትበትኑት፤ ሐረር ከሰዓት በኋላ ይነፍሳል። መነጽር፣ ጓንት፣ ቦት ጫማ። ዓይን ውስጥ ከገባ ሳትጠብቁ ቢያንስ ለ15 ደቂቃ በብዙ ውሃ እያጠባችሁ ወደ ጤና ጣቢያ። ያልበረደ ኖራ እርጥብ ቆዳ ላይ ያቃጥላል።

---

ገል_እና_ጀበና

ከግንባታ ወጣ ያለ ነው፤ ሸክላ ሥራ ላይም ጥቁሩን አፈር የሚቀላቅል አለ፣ ለመቅረጽ ስለሚመች። ሲደርቅ ግን ይሰነጠቃል። ምክንያቱ ያው ነው?

---

ማዕድን_ኬሚስት

ያው ነው፣ ወደ ኋላ ሲሄድ። ንጣፎቹ መሃል የገባው ውሃ ሲወጣ ይሟሽሻል፤ ዳሩ ከመሃሉ ቀድሞ ሲደርቅ ይቀደዳል። ከጭቃው አንድ ቅጥ ያለ ጡብ ሠርተሽ 10 ሳንቲሜትር መስመር ጫሪበት፤ ሲደርቅ ለኪው። 9.3 ካለ ደህና ነው። 8.8 ካለ 12% ሟሽሿል፤ በዚህ ጭቃ ምጣድ አይወጣም። የተፈጨ ገል ወይም ደቃቅ አሸዋ ከ20 እስከ 30% ጨምሪ፣ ጥቁሩን በቀይ ተኪ፣ በጥላ ሸፍነሽ አድርቂ።

ሲተኮስ በመጀመሪያ እስከ 200 ዲግሪ ቀስ ማለት ያስፈልጋል፤ በንጣፎቹ መሃል የቀረው ውሃ የሚወጣው እዚያ ላይ ነው። ከ500 እስከ 700 ዲግሪ የንጣፉ የራሱ አካል የሆነው ሃይድሮክሲል ይወጣል፣ ከዚያ ወዲያ ሸክላ አይደለም፤ ውሃ ቢያርፍበትም አይከፈትም።

በሐረር አካባቢ ሌላም ጠንቅ አለ፤ ጭቃው ውስጥ የኖራ ድንጋይ ፍንካች ካለ። ከ800 ዲግሪ በላይ ሲተኮስ ያልበረደ ኖራ ይሆናል። ዕቃው ደህና ሆኖ ይወጣና ከቀናት በኋላ ከአየሩ እርጥበት ጠጥቶ ያብጣል፣ ከገጹ ላይ ክብ ቅርፊት ያስፈነጥራል። ጭቃውን በውሃ አሟሙቶ በ0.5 ሚሊሜትር ወንፊት ማጥለል ነው መድኃኒቱ።

---

ነዋሪ_ሐማሬሳ

ሁላችሁንም ከልብ አመሰግናለሁ። የመጨረሻ ጥያቄ ለመሐንዲሱ፤ የቆመውን ቤት ወለል አሁኑኑ ላፍርሰው? ደግሞስ ዙሪያውን ያለውን ንቃቃት በአሸዋ ልሙላው?

---

መሐንዲስ_ሸዋበር

አሁን አታፍርሰው። መጀመሪያ ውሃውን አስተካክል። ለጣሪያው አሸንዳ ግጠም፤ ውሃው ከግድግዳው ቢያንስ 3 ሜትር ርቆ ይደፋ። ዙሪያውን 1.5 ሜትር ስፋት ያለው የኮንክሪት ንጣፍ አድርግ፣ ወደ ውጭ 5% ያዘቅዝቅ፤ ከግድግዳው ጋር ሳታያይዝ መጋጠሚያውን በሬንጅ ሙላው፣ ካያያዝከው ሲነሳ ግድግዳውን ይዞ ይነሳል። የሻወሩን፣ የመጸዳጃውንና የሴፕቲክ ታንኩን ቱቦ ፈትሽ። አትክልት ከግድግዳው ሥር አይጠጣ። ትልቅ ዛፍ ካለ፣ ኒምም ይሁን ባሕር ዛፍ፣ ከቁመቱ ባነሰ ርቀት ላይ ከሆነ ዳሩን የሚያደርቀው እሱ ነው። ግን በአንድ ቀን አትቁረጠው፤ ሥሩ ያደረቀው አፈር ውሃ መልሶ ሲያገኝ በዚያ በኩል ይነሳል። ቅርንጫፉን በየዓመቱ እየቀነስክ ሂድ።

ወለሉ ላይ ዘጠኝ ነጥብ ምልክት አድርግ፤ አራት ማዕዘን፣ አራት መሃል ጎን፣ አንድ እምብርት። ውሃ በሞላ ቀጭን ግልጽ ቱቦ ከአንዱ ኮለን አንጻር በየወሩ ለካና ጻፍ፤ በልጉንም ክረምቱንም ይዞ አንድ ዓመት። ወር ከወር ከ2 ሚሊሜትር በላይ መለዋወጡን ሲተው ያኔ አፍርሰህ፣ ከኮለኑና ከግድግዳው ጋር ሳይያያዝ እንደ አዲስ ታፈሰዋለህ።

ንቃቃቱን አሸዋ አታድርግበት። በበጋ የገባው አሸዋ በክረምት አይወጣም፤ አፈሩ ሲያብጥ መመለሻው ተይዞበት ወደ ጎን፣ ወደ ግንብህ ይገፋል። የራሱን ጥቁር አፈር አድቅቀህ መልስበትና የኮንክሪት ንጣፉን ከላዩ አልብሰው። ከመጋቢት በፊት ጨርሰው።